ከእድፉ በፊት ምን ነበረ?

ሆቴሉ ሰባት ፎቅ ነበር፤ ሚስጥሩ ግን ሁሉ የሚወርደው ከመሬት በታች ወዳለው የልብስ እጥበት ክፍል ነው። እዚያ አንሶላ ይናገራል፣ ፎጣ ይመሰክራል፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ሳይገረፍ ይናዘዛል። የምታናዝዛቸው የክፍሉ ኃላፊ ሃያ ዓመት እዚያው የኖረች ሴት ናት። በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «መርማሪዋ» ናት።

አንድ ጊዜ ከስብሰባ አዳራሽ የወረደ የጠረጴዛ ጨርቅ አንስታ፣ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ወደሚታይባት ጠባብ መስኮት ጠጋ ብላ አየችው። «ይሄ ምራቅ ነው፤ ሰውዬው በግራ ጉንጩ ተኝቷል። ይሄ ሻይ ነው፤ የተደፋው ደንግጦ ነቅቶ ሲያጨበጭብ ነው» አለች። ሲጣራ የተኛው የስብሰባው ሊቀ መንበር ሆኖ ተገኘ ይባላል። አጣራሁ የሚለው እንግዲህ ባለ ካውያው ነው፤ እሱ ደግሞ ሸሚዝ ሲተኩስ እንጂ ወሬ ሲያወራ መጨማደዱን አይጠላም።

የመርማሪዋ ዝና ያረፈው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። የቆሸሸ ጨርቅ ሁሉ ማሽን ከመግባቱ በፊት ወረቀቷ በመርፌ ቁልፍ ትያያዝበታለች። ሦስት መስመር አላት፦ እድፉ ምን ይመስላል? መቼ ታየ? ከእድፉ በፊት ምን ነበረ? ሁለቱን ሆቴሉ ያወጣቸው ሲሆን ሦስተኛውን የጨመረችው እሷ ናት። እድፍ ከሰማይ አይወርድም ባይ ነች። ደም ላይ ሳይጠይቅ ፍል ውሃ ያፈሰሰ ደሙን ለዘለዓለም አተመው፤ ዝገት ላይ ሳይጠይቅ በረኪና የደፋ ዝገቱን አነገሠው። ስለዚህ ሦስተኛው መስመር ካልተሞላ በእሷ ክፍል የንጉሥ ካባም ቢመጣ አይታጠብም።

ታዲያ ይህችው ሴት አንድ ቀን መንጋጋዋ አበጠ።

ጉንጯ የተነፋ ኳስ አክሎ፣ በአንድ ዓይኗ እድፍ እየመረመረች ሦስት ቀን ቆየች። በአራተኛው ቀን የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ መግል የቋጠረውን ጥርስ ነቅሎ የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ አዘዘላት፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ እንክብል። ካርቶኑን የሳሙና መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ፣ ሰዓቱን አንዲት ደቂቃ ሳታዛንፍ ዋጠች። እብጠቱ ሟሸሸ፤ ሁለተኛዋ ዓይኗም ወደ ሥራ ገበታዋ ተመለሰች።

በስድስተኛው ቀን ግን ከጥርስ ሰፈር እጅግ ርቆ፣ ሰው በአደባባይ በማይጠራው ቦታ፣ ማሳከክ ጀመረ። በማግስቱ ሽንት ሲነካው ማቃጠል ተጨመረበት። ቀጥሎ የረጋ ወተት የመሰለ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ መጣ። ይኼ ሁሉ በእድሜዋ አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ ስለዚህም የአንድ ሰው እጅ እንዳለበት አልተጠራጠረችም። ያልታወቀው የማን እጅ እንደሆነ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቷ በስልክ ስትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሰውየውን ውሎና አገባብ ማየት ይበጃል አለቻት። ሰውየው ማለቷ የመርማሪዋን ባል፣ የሰዓት ጠጋኙን ነው። መርማሪዋ ሳቀች። ከፊቱ የተቀመጠ ካልሲውን ፈልጎ የማያገኝ ሰው ውሽማ ከየት ፈልጎ ያገኛል? ቢሆንም ያን ዕለት ኮሌታውን አሸተተች፣ ኪሱን ገለበጠች፣ እጀታውን በብርሃን አየች። ከሰዓት ዘይትና ከአንዲት ጠፍታ ከከረመች ብሎን በቀር አንዳች አልተገኘበትም። በዋስ ለቀቀችው፤ በነፃ አላለችም።

ከዚያ የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ተጠረጠረ። ከዚያ የምሳ ክፍሉ ወንበር ስፖንጅ። ከዚያ የወንበሩን ስፖንጅ የቀየረው አናጢ። በመጨረሻ ግን ሐሳቧ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቦታ አረፈ፦ ሳሙናው ላይ።

በዚያ ሆቴል ሐሙስ ሐሙስ ሠራተኞች የራሳቸውን ልብስ በትንሿ ማሽን እንዲያጥቡ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ቁጥር ያለው የመረብ ከረጢት አለው፤ የመርማሪዋ ቁጥር አንድ ነው። ትንሿን ማሽን ላለፉት ሁለት ወራት የያዘችው ደግሞ «አዲሷ» ናት። አዲሷ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ የቀረች፣ ቃል ከአፏ በወረፋ የሚወጣ ቀጭን ሴት ናት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው አርብ ነው። ያን ቀን መርማሪዋ «ትመጥናለች» ብላ ከጻፈች ቋሚ ትሆናለች፤ «አትመጥንም» ካለች ሽርጧን አጥፋ ትወጣለች፤ ሁለቱ ልጆች የሚበሉት ከዚያች ሽርጥ ነው።

መርማሪዋ ይህን ታውቃለች። ግን ማስረጃ ማስረጃ ነው። ባለፈው ሐሙስ አዲሷን ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ ድንገት ደርሳባት ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ርሷል፤ ቁጥር አንድ ከረጢት ጭኗ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቷ ሳፋ አለ። ኃላፊዋን ስታይ ሳፋውን በእግሯ ገፍታ መደርደሪያ ሥር ከተተችው።

«ሳፋው ውስጥ ምንድነው ያለው?»

«ውሃ ነው እትዬ።»

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ ብቻ።»

ማሽን ያጠበውን ልብስ እንደገና በውሃ የሚነክር ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። አዲሷ አንገቷን ደፍታ የወለሉን ስንጥቅ ማጥናት ያዘች። ለመርማሪዋ ዝምታ ማለት ፊርማና ማኅተም ያለው የእምነት ቃል ነው። ያን ዕለት መዝገቡ በልቧ ተዘጋ። ሴትዮዋ ደኅናውን የዱቄት ሳሙና እያወጣች ወደ ሌላ ቦታ ታሸሻለች፣ በምትኩ የወለል ማጠቢያውን ኃይለኛ ዱቄት ትደባልቃለች፤ የኃላፊዋን ልብስ ደግሞ ለይታ በእሱ ትዘፈዝፋለች። ለምን? ለዚህ መልስ አላገኘችም፤ ክፋት ምክንያት አይጠይቅም አለችና አለፈችው። በሦስተኛው መስመር የምትምል ሴት ይህን ማለቷ ራሷንም ሊገርማት ይገባ ነበር።

በዚህ መሐል ራሷን እንደ እድፍ ይዛ ትፈትግ ነበር። መጀመሪያ በሽቶ ሳሙና፣ ቀጥሎ መድኃኒት አለው በተባለ ሳሙና፣ ከዚያ በጨው ውሃ፣ ከዚያ በኮምጣጤ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ውስጡም ውጭውም። በሆቴሉ ታሪክ ያን ያህል የታጠበ አንሶላ የለም። ባጠበች ቁጥር ደግሞ እሳቱ ይብስ ነበር። የአዲሷ ተንኮል ምንኛ ሥር ቢሰድ ነው ትላለች።

ባለ ካውያው ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑ ከሸሚዝ አይነሳም ግን ሁሉን ያያል።

«አንቺ መርማሪ፣ አረማመድሽ የጂኦሜትሪ ኮምፓስ መሰለሳ።»

«ጫማው ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው ጫማዋን አየ፣ እሷን አየ፣ ካውያውን ዞር አደረገ። «ጫማውስ ንጹሕ ነው፤ ሰው በሐሰት አትክሰሺ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት «አትመጥንም» የሚለውን ደብዳቤ ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ በእድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ በከረባት የታነቀ ወጣት ነው። እሷ በሹመቱ አንቱ ትለዋለች፣ እሱ በእድሜዋ አንቱ ይላታል፤ በር ላይ ሲገናኙ «ይለፉ፣ እርስዎ ይለፉ» እየተባባሉ አንዳንዴ ስብሰባ ያመልጣቸዋል። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበ። ሠራተኛዋ የሰው ገላ በሚያሳክክ ነገር ልብስ እንደምታጥብ ይላል፤ የማን ገላ እንደሆነ አይልም። እንዲህ ያለ ክስ ያለ ማስረጃ አላጸድቅም አለ። ገላው የተጎዳው ሠራተኛ ማንም ይሁን፣ የክሊኒክ ወረቀት እስከ ነገ ጠዋት ይምጣ።

መርማሪዋ ደስ አላት። ወረቀት ከሆነ ነገሩ፣ ወረቀት የእሷ ግዛት ነው። ከትንሿ ማሽን አጠገብ አንድ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና በብልቃጥ ጨለፈች፣ ባለፈው ሐሙስ የታጠበውን ቁጥር አንድ ከረጢቷን በፌስታል ቋጠረች፣ እንደ ኮምፓስ እየተራመደች ክሊኒክ ሄደች።

ነርሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ ሴት ናት። መርማሪዋ ብልቃጡንና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ወንጀሉን ከነወንጀለኛዋ አስረዳች፤ የቀረው ማኅተም ብቻ መሆኑንም ጠቆመች። ነርሷ ማስረጃዎቹን በክርኗ ገፋ አድርጋ ለካርዱ ቦታ አገኘች።

«ፈሳሹ ምን ይመስላል?»

«የረጋ ወተት። ክፉ ሽታ የለውም።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

«ከዚያ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሻል?»

መርማሪዋ ብልቃጡን መልሳ ወደ ነርሷ ገፋ አደረገች። ጥያቄዎቹን የሆነ ቦታ የምታውቃቸው መሰላት፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣላትም። ምንም አልወሰድኩም አለች። ነርሷ ብዕሯን ሳታነሳ ጠበቀቻት።

«የጥርስ ብቻ» አለች መርማሪዋ በመጨረሻ። «እሱ እንኳ አይገናኝም። ጥርስ እዚያ ምን ይሠራል?»

ነርሷ መነጽሯ ከግንባሯ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ መረመረቻት፣ ናሙና ወሰደች፣ ወደ ላቦራቶሪው ላከች። መርማሪዋ ጓንቱ አዲስ መሆኑን፣ ናሙናው የተቀባበት መስታወት ላይ የተጻፈው ቁጥር የራሷ መሆኑን፣ ላቦራቶሪው በር ላይ የቆመው ወጣት ከአዲሷ ጋር ዝምድና የሌለው መሆኑን በመልኩ አጣራች። ውጤቱ ሲመጣ ፈንገስ ነው ይላል። ነርሷ ሌላ ነገር አለመሆኑ በማይክሮስኮፕ መታየቱን ነገረቻት።

እንዲህ ነው አለች ነርሷ። እዚያ አካባቢ ቤት የሚጠብቁ ደጋግ ባክቴሪያዎች አሉ። ፈንገሱም ጥቂት ጥቂት ሆኖ በጓዳ የሚኖር ጎረቤት ነው፤ ጠባቂዎቹ እስካሉ ድረስ ድምፁ አይሰማም። የጥርሱ እንክብል ባክቴሪያ እንዲገድል ታዘዘ፤ መንጋጋ ላይ ያለው ክፉ የትኛው፣ ታች ያለው ደግ የትኛው እንደሆነ ግን ለይቶ አያውቅም። ፈንገሱን ደግሞ አይነካውም። ጠባቂ ሲጠፋ ጎረቤቱ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን ያዘ።

«በረኪና በይኛ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «እድፉንም ቀለሙንም አንድ ላይ።»

ነርሷ እንደዚያ ነው አለች። ቀጥላ ምን ስታደርጊበት ከረምሽ ብላ ጠየቀች። ሽቶ ሳሙና፣ የመድኃኒት ሳሙና፣ ጨው፣ ኮምጣጤ እየተባለ ዝርዝሩ ሲወርድ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እባክሽ እህቴ፣ ውስጡን ተዪው። ራሱን ያጥባል። ላይ ላዩን ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። የተቃጠለውን ሥጋ ነው በኮምጣጤ ስታቃጥዪው የከረምሽው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያጠበች ሴት «አትጠቢ» ስትባል እንዴት እንደሚሰማት ያልደረሰበት አያውቀውም። ቢሆንም ምርመራው አላለቀም። ሳሙናውስ? ኃይለኛ ሳሙና የቆሰለን ያባብሳል፤ ፈንገሱን ያመጣው ግን እሱ አይደለም ተባለች። ባለቤቴስ? ይኼ የባልን ውሎ የሚያስቆጥር ነገር አይደለም ተባለች። እንግዲያው ጥፋተኛው የጥርስ ሐኪሙ ነው! እሱም አይደለም፤ ጥርሱ መግል ይዞ ነበርና መድኃኒቱ ያስፈልጋት ነበር፤ ጀምሮ ማቋረጥም ደግ አይደለም። እንክብሉን የወሰደች ሴት ሁሉ ይህ አይደርስባትም፤ ለሚቀጥለው ግን ሲታዘዝላት አስቀድማ ትናገር። እየተመላለሰ ካስቸገራት ስኳሯን ትለካ። አሁን ማታ ማታ በብልት የሚገባ ክኒንና ላዩን የሚቀባ ክሬም ትወስዳለች፤ ሳይጨረስ ተሻለኝ ብላ እንዳታቆም።

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ወንጀለኛ የሌለበት ወንጀል ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነው። ከክሊኒኩ ስትወጣ እጇ ላይ የቀረው ወረቀት ማስረጃ ነበር፤ የሚመሰክረው ግን በእሷ ላይ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሆና ብዙ ነገር አሰበች። ወረፋው ረዝሞ ወረቀቱን አላገኘሁም ማለት ይቻላል። ያኔ ክሱም ይወድቃል። ግን ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ለምን እንዳነሳች ይጠይቃል፤ ካልመለሰችለት ደግሞ «አትመጥንም» የሚለው ቃል በአዲሷ መዝገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በከረባት ፊት፣ ሰው በአደባባይ የማይጠራውን ቦታ መጥራት አለባት። ይህን እያሰበች ሳታስበው እጇ ፌስታሉን ፈታ። ልማድ ነውና ከረጢቱን አሸተተችው።

ምንም አይሸትም። ማለት ሳሙና አይሸትም። ከዚያች ማሽን የሚወጣ ልብስ ሁሉ የሚሸተው የዱቄቱ ሽታ ቅንጣት የለበትም። ከማሽን በኋላ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ውሃው ጥርት እስኪል፣ በእጁ ያለቀለቀው ልብስ ነው። ሦስተኛውን መስመር ለጨርቅ ሁሉ ስታስሞላ ኖራ ለዚህ ከረጢት ሳታስሞላው መቅረቷ ያን ጊዜ ታወቃት፤ ከጥርሷ መነቀል የባሰ አመማት።

ሆቴል እንደደረሰች ቀጥታ ማድረቂያው ጀርባ ሄደች። አዲሷ ሳፋውን ይዛ እዚያው ነበረች፤ ዛሬም ሐሙስ ነው። መርማሪዋ አጠገቧ ካለው ባልዲ ላይ እንደምንም ተቀመጠች።

«ለምንድነው የምታለቀልቂልኝ?»

አዲሷ ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ስትወልድ አንቲባዮቲክ ሰጥተዋት እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ልክ እንዲህ እንደሆነች፣ የኃላፊዋን አረማመድ ስታይና መደርደሪያው ላይ ያለውን ካርቶን ስታይ እንደገባት ተናገረች። ያኔ ሳሙና የቀረበት ልብስ ሲነካት እንደ ሳማ ይለበልባት ስለነበር፣ ለዚህ ብላ ነው።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት እትዬ፣ "አንቺ በምን አወቅሽ?" ብለው ወረቀት ያስሞሉኛላ።»



አርብ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ላይ «እርስዎ ይለፉ» ሳትል አለፈች። ሥራ አስኪያጁ የክሊኒኩን ወረቀት ጠበቀ፤ እሷ ግን ከኪሷ ያወጣችው የእድፍ ወረቀቷን ነው፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ የተሞላች። የክሊኒኩን ውጤት ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

ምን ይመስላል? የረጋ ወተት፤ የኃላፊዋ፣ የብልት ፈንገስ። መቼ ታየ? እንክብሉ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን። ከእድፉ በፊት ምን ነበረ? የጥርስ መድኃኒት። ሳሙና አይደለም። ሰው አይደለም።

ወጣቱ አነበበ። ጆሮው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ከከረባቱ በላይ ያለው ሁሉ ቀላ። ወረቀቷን ገለበጣት፣ መልሶ ገለበጣት፣ መስኮቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ። አንድ ኃላፊ በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚል የሚያስረዳ መመሪያ አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥርስዎስ... ተሻለዎት?»

«ጥርሴ ደኅና ነው። ደብዳቤዬን ይስጡኝ።»

ሰጣት። እዚያው ቆማ ቀደደችው፤ እዚያው ቆማ «ትመጥናለች» ብላ ጻፈች፤ እሱም ማኅተሙን ሳያነብ መታበት። ለማንበብ ዓይኑን ከማኅተሙ ላይ ማንሳት አልደፈረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ባለ ካውያው ዓይኑን ከሸሚዝ ሳያነሳ፣ ኮምፓሱ ተዘጋ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጫማውን በነፃ አሰናብቼዋለሁ አለችው። አዲስ መባሏ ባይቀርላትም አሁን ቋሚ የሆነችው አዲሷ ቁጥር አንድ ከረጢትን አምጥታ ሰጠቻት። መርማሪዋ ተቀብላ ወደ መስኮቷ ሄደች፤ የመንገደኛ ጫማ በሚያልፍባት ብርሃን ዘርግታ አየችው፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ሳበች።

«ስንት ውሃ አወጣሽለት?»

«ሦስት ውሃ ነው እትዬ።»

መርማሪዋ እንደገና አሸተተች።

«አትዋሺኝ» አለች። «አራት ነው።»

አዲሷ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።